ሰዓቱ የቀደመው ማሽን

ምራቴ ቅዳሜ ጠዋት የምግብ ጠረጴዛችን ላይ አሮጌ አንሶላ አንጥፋ፣ በላዩ የብረት ሣጥን የመሰለ ኮምፒውተር አጋድማ፣ የፊት ፓውደር በሚቀባበት ብሩሽ አቧራውን ትጠርጋለች። ብሩሹ ለሠርጓ የተገዛ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቷ ላይ ሲያርፍ አይቼው አላውቅም። ጣቶቿ ቀጫጭን ናቸው፤ ጥፍሮቿን ከሥር ከሥራቸው ትቆርጣቸዋለች። በግራ እጇ የእጅ ባትሪ ይዛ፣ በቀኝ እጇ ከማራገቢያው ክንፎች መሃል ግራጫውን አቧራ ቀስ እያለች ታወጣዋለች፤ የሕፃን ጆሮ እንደሚያጸዳ ሰው። አቧራው ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ማሽኑ የኖረው ቆዳ በሚቀመጥበት ክፍል ነውና።

የምትሠራው እግራቸው እኩል ላልሆነ ወይም ጉዳት ላለበት ሰዎች በልካቸው ጫማ በሚሠራ ወርክሾፕ ነው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ግራ እግሬ ስለሚያጥር ጫማዬ የሚሠራው እዚያ ነው። ድሮ እግር ሲለካ ወረቀት ላይ አስቁመው ዙሪያውን በእርሳስ ይዞሩት ነበር። አሁን መስታወት ላይ ያቆሙሻል፣ ከሥር ብርሃን ሽው ይላል፣ የእግርሽ ቅርጽ ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል። ከዚያ አንድ ፕሮግራም ልኩን ያሰላና ቆራጩ ማሽን ፎርማውን፣ ማለት ጫማው የሚወጠርበትን የእንጨት እግር፣ በዚያ ልክ ይቀርጸዋል። ኮምፒውተሮቹን የምትጠብቀው ምራቴ ናት። ሠራተኞቹ «ሐኪሟ» ይሏታል፤ ማሽን ሲታመም የምትጠራው እሷ ስለሆነች።

ያ ፕሮግራም የሚኖረው ጠረጴዛችን ላይ በተጋደመው፣ ሰርቨር በሚሉት አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ድምፁ እንደ ወፍጮ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ መንገድ ላይ እንደሚያርፍ ሽማግሌ በየመሃሉ ጸጥ እያለ ያስደነግጣቸው ጀመር። ሳይሞት በፊት አንድ ነገር እናድርግ ብላ አለቃዋን ያሳመነችው ምራቴ ናት። የሒሳብ ክፍሉ አዲስ ትልቅ ኮምፒውተር ነበረው፤ ግማሹ ባዶ ነው። እንዳስረዳችኝ ከሆነ አሮጌው ውስጥ ያለው ሁሉ እንዳለ ይገለበጥና አዲሱ ውስጥ እንደ ተከራይ ይገባል። ተከራዩ የራሱ በር፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው ይመስለዋል፤ ግቢው ግን የሌላ ነው። ይህን ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል።

አለቃዋ ሐሳቡን ሲሰማ ጢሙን እያሻሸ፣ «ከተሳካልሽ ወር መጨረሻ ላይ ኮንትራትሽን ቀድጄ ቋሚ አደርግሻለሁ» አላት። ካልተሳካ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ወደ እርሳሱና ወደ ወረቀቱ እንመለሳለን፣ ቆራጩንም ማሽን ለፈለገ እንሸጠዋለን አለ። እርሳስና ወረቀት ሐኪም አያስፈልጋቸውም። ይህን እሱ አላለም፤ እሷ ግን ሰምታዋለች።

ዓርብ ከሰዓት ሠራተኛው ሲወጣ ገለበጠችው። የደንበኞቹ ስም፣ የእግራቸው ቅርጽ፣ አንድም ሳይጎድል ተሻገረ። ደስ ብሏት ፕሮግራሙን ብትከፍተው «ይህን ማሽን አላውቀውም» አላት። ለካስ ላይሰንሱ፣ የመጠቀሚያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ ከአሮጌው ማሽን አካል ጋር ተሳስሮ ኖሯል። የማሽኑን ቁጥሮች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ አዲሱ ቤት ውስጥ ሲነቃ አንዱም አልገጠመለትም። እየሮጠች ወደ ቆዳው ክፍል ሄዳ አሮጌውን መልሳ ልታበራው ቁልፉን ብትጫን፣ ጭጭ። በመጨረሻው ሥራው ላይ ነበር የሞተው።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ብሩሽ ይዛ የቆመችው ለዚህ ነው።

ልጄ፣ ባሏ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ዳቦ ገዝቶ ገባና ጠረጴዛውን አየ።

«ይሄ አስከሬን እስካሁን አልተቀበረም?»

«አስከሬን አትበለው። ቅር ይለዋል።»

«ጠዋት ከተነሳሽ እሱን ስትዳብሺ ነው የቆየሽው። እኔን እንኳ ደህና አደርክ ያለኝ የለም።»

«አንተ አቧራ የለብህም» አለችው፣ ቀና ሳትል።

ዳቦውን ለእኔ አቀበለኝና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማዞሪያው ጋ ስልክ የሚጠግነውን ሰውዬ ታውቂው የለ? እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ሰብሮ ይከፍታል ይላሉ። የሻይ ከሰጠሽው በቂው ነው» አላት።

ብሩሹን አስቀመጠች። «የእማዬን ተረከዝ የሚያሰላው ይኼ ፕሮግራም ነው። ሰብሮ ሲገባ ምን እንደነካካ በምን አውቃለሁ? አንዲት ሚሊሜትር ቢዛነፍ የምናውቀው እግሯ ሲቆስል ነው።»

«እና ሥራሽ ይሂድ?»

«ኧረ ቆይ፤ ገና መቼ ጠይቄ ጨረስኩ?»

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ለቀቀችው፤ እጇ አቧራ ስለነበር ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት የላይሰንስ ክፍል ቅዳሜም ግማሽ ቀን ይሠራል። ያነሳችው ሴትዮ ድምፅዋ የተተኮሰ ሸሚዝ ይመስላል፤ አንዲት መጨማደድ የለበትም።

«ከመገልበጥሽ በፊት ለምን አልደወልሽም፣ የእኔ እህት?»

«አለቃዬ ገዝተነዋል፣ የእኛ ነው አሉኝ።»

«የገዛችሁት በዚያ ማሽን ላይ የመጠቀም ፈቃድ ነው። ማሽኑ ሲለወጥ ፈቃዱ አብሮ አይሄድም። ቨርቹዋል ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ አንዱን ዛሬ ገልብጠሽ ነገ አሥር ብታደርጊው ማን ያውቅብሻል?»

«ልክ ነሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መጠየቅ የነበረብኝ ቀድሜ ነው።»

«እንደዚህ ብሎ የሚጀምር ደንበኛ ብዙም የለኝ» አለች ሴትዮዋ፣ ከመጀመሪያው ለስለስ ብላ። ከዚያ ፈቃዱን ወደ አዲሱ ቤት ለማዛወር የሚያስፈልገውን ነገረቻት። አሮጌው ማሽን ሁለተኛ አይሠራም፤ ዲስኩ፣ የያዘው ሁሉ የሚቀመጥበት ማለት ነው፣ ወጥቶ ፎቶ ይነሳ፣ በኋላም ተበስቶ ይጣል፤ ይህን ለማድረግ ምራቴ ቃሏን ትስጥ። ምራቴ ቃሏን ሰጠች። ዲስኩን በመፍቻ ፈትታ አወጣችው፤ ከአንድ የጸሎት መጽሐፍ አይበልጥም። በንጹሕ ፎጣ ላይ አስቀምጣ ፎቶ አንስታ ላከች። ብዙም ሳይቆይ አዲሱ ቁልፍ፣ ረጅም የፊደልና የቁጥር ጥልፍልፍ፣ በስልኳ ደረሳት።

ሻይዋን ሳትጨርስ ወደ ወርክሾፑ በረረች። እኔና ልጄ ማሽኑን አንሶላው ላይ እንዳለ ትተን ዳቦውን መሬት ላይ ተቀምጠን በላን።

ስትመለስ ፊቷን አይቼ ወንበር ሳብኩላት። ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች። ቁልፉን ስታስገባ ፕሮግራሙ ተከፍቶ ነበር። የደንበኞቹን ስም ሳይቀር አሳያት። ከዚያ ወዲያው ተዘጋና «የዚህ ኮምፒውተር ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሷል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ደወለች። እንደነገረችን፣ የሴትዮዋ ድምፅ ከቅድሙም ይልቅ የተተኮሰ ነበር።

«ፈቃዳቸው የሚያልቅባቸው ሰዎች ቀኑ እንዳይደርስባቸው ሰዓቱን ወደ ኋላ ይመልሱታል» አለቻት። «እኛ ጋ ስርቆት ነው የሚባለው።»

«እኔ ሰዓት አልነካሁም።»

«ሁሉም የሚለኝ እንደዚያ ነው። ቅድም አምኜሽ ነበር። ሰኞ ለኃላፊዬ አቀርበዋለሁ፤ የሚሆነውን እሱ ይወስን።»

ምራቴን ያንገበገባት ሥራው ብቻ አልነበረም። «ስርቆት» የምትለዋን ቃል ራት ላይ ደጋግማ አነሳቻት። ማታ ዕቃ ስናጥብ፣ እሷ ስታለቀልቅ እኔ ሳደርቅ፣ «እማዬ፣ ሰው ያልሠራውን ነገር እንዴት አድርጎ ነው የሚያስረዳው?» አለችኝ። አንዱን ኩባያ ደጋግሜ ወለወልኩት። ቆይቼ፣ «በእጅሽ እንዳልነካሽው እኔ አውቃለሁ» አልኳት። ምንም የማይረባ ነገር እንደሆነ እያወቅኩ። እሷ ግን እርጥብ እጇን በመሐረቤ ጠረገችና ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

እሑድ ከሰዓት ልጄ ከጓደኛው የኃይል መስጫ ሣጥን ተውሶ መጣ። ማሽኑ የሞተው የራሱ ኃይል መስጫ ተቃጥሎ ነውና የተቃጠለውን አውጥቶ የተዋሰውን ገጠመ። ዲስኩ ፎጣው ላይ ነው።

«በቃ» አላት። «ዲስኩን መልሰሽ ክተችው። ማታውን ተሸክሜ አደርስልሻለሁ። ነገ ጠዋት ወርክሾፑ እንደ ድሮው ሥራውን ይቀጥላል። ማን ያውቃል?»

ዲስኩን አነሳችው። እኔ ማዶ ተቀምጬ የታጠበ ልብስ አጥፋለሁ። ዓይኔን ልብሱ ላይ አድርጌያለሁ፣ ጆሮዬ ግን እነሱ ጋ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ «ክተችው» እያልኩ ነበር። ወር መጨረሻው ቅርብ ነው፤ ልጄም ሥራው አንድ ሳምንት አለ፣ አንድ ሳምንት የለም።

«ቃል ሰጥቼ?» አለች።

«በስልክ የሰጠሽው ቃል ነው። ሴትዮዋን መንገድ ላይ ብታዪያት አታውቂያትም።»

«በስልክ ሲሆን ቃል አይደለም? አንተስ ለትዳር የጠየቅከኝ በስልክ አይደል?»

ልጄ ጭንቅላቱን አከከ። «እሱ ኔትወርክ ስላልነበረ ሁለት ጊዜ ነው የጠየቅኩሽ» አለ። ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም በያዝኩት ካልሲ አፌን ሸፍኜ ሳቅኩ። ነገር ግን ዲስኩን ከእጇ አላስቀመጠችም። አውራ ጣቷ ጠርዙን ይዳብሰዋል።

«እሺ፣ ባዶውን እናብራው» አለ። «ይሙት ይኑር እንወቅ። ባዶውን ማብራት ቃል ማፍረስ አይደለም።»

እሱን ፈቀደች። ስክሪን ስላልነበረን ቴሌቪዥናችን ላይ ሰኩት። ማራገቢያው አንዴ አንጎራጎረና ዞረ። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆነ፤ በላዩ ነጫጭ ጽሑፎችና ቁጥሮች መጡ። ዲስክ ባይኖረውም ማሽኑ ስለራሱ የሚያውቀው ነገር አለው፤ ይህን ያህል የማስታወስ አቅም አለኝ፣ ስንት ሰዓት ነው፣ እንዲህ ያለውን። እኔ የሚገባኝ ሰዓቱ ብቻ ስለነበር እሱን አየሁ። ሴኮንዱ ይቆጥራል። ከፍሪጁ በላይ ያለውን የግድግዳ ሰዓታችንን አየሁ። ደግሜ ቴሌቪዥኑን አየሁ።

«ሰዓቱ ቀድሟል» አልኩ።

ልጄ አልሰማኝም፤ ማራገቢያውን እያዳመጠ ነበር። ምራቴ ግን፣ «ኧረ እማዬ፣ እሱ የወርክሾፑ ሰዓት ነው፤ እኛ ሁሌም ቀንሰን ነው…» ብላ ጀመረችና አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

ዲስኩን እንደያዘች አጥፌ ያስቀመጥኩት ልብስ ላይ ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወርክሾፑ አለቃ አርፋጅ አይወድም። ከዓመታት በፊት በሩ በላይ ያለውን የግድግዳ ሰዓት አምስት ደቂቃ አስቀደመው። ሠራተኛው ሲለምደው ጨመረበት። ሲለምዱት ደግሞ ጨመረበት። የመግቢያና የመውጫ ደወሉን የሚደውለው ያ አሮጌ ሰርቨር ስለነበር፣ ከምራቴ በፊት የነበረው ባለሙያ የማሽኑንም ሰዓት ከግድግዳው ጋር እኩል አደረገው። ሠራተኛው በበኩሉ ሰዓቱን ባየ ቁጥር በሆዱ እየቀነሰ በትክክለኛው ሰዓት ይገባል፣ ይወጣል። ማንም አያነሳውም። አለቃው «የእኔ ሰዓት ትክክል ነው፤ የዘገየው ከተማው ነው» ሲል ሁሉም «ልክ ነው ጋሼ» ይላል። በዚህ የተነሳ «ጋሽ ቀዳሚ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ፊት ለፊቱ ግን አይጠሩትም። ምራቴም ስትቀጠር በመጀመሪያው ቀን «ቀንሺ» አሏት፤ ቀነሰች፤ በቃ። እንደ ጫማ ቁጥር ለመደችው።

አዲሱ ኮምፒውተር ግን የሒሳብ ክፍሉ ስለሆነ ሰዓቱ ትክክለኛው ነው። አሮጌው ማሽን ሲገለበጥና ውስጡ ሲነቃ ሰዓቱን ከአዲሱ ባለቤት ተቀበለ። ፕሮግራሙ የመጨረሻ የሠራበት ሰዓት ግን የወርክሾፑ ነበር። ዓርብ ከተገለበጠ ብዙም ሳይቆይ ስትከፍተው ሰዓቱ ካቆመበት ወደ ኋላ ሆኖ አግኝቶ መዝግቦት ኖሯል፤ ቅዳሜ ቁልፉ ሲገባ ያን መዝገብ አየና፣ ሰው ያጭበረበረው መስሎት በሩን ዘጋ።

«እና ሰዓት የነካው ጋሽ ቀዳሚ ነው» አለ ልጄ።

«ነክቶ አይደል የኖረው» አለች፣ እየሳቀች። ዓይኗ ውስጥ ግን ውሃ ነበር። ዲስኩን በፎጣ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና ማሽኑን አጠፋችው። ቆየት ብሎ ሳቁ ጠፋ። «ሴትዮዋ ይህን ብነግራት ታምነኛለች? ቀልድ ነው የሚመስለው። እሱ ራሱ ካልነገራት በቀር። እሱ ደግሞ በሠራተኛው ፊት ሰዓቴ ቀድሟል ብሎ ከሚናገር ጢሙን ቢላጭ ይመርጣል።»

ሰኞ ጠዋት፣ «እማዬ፣ ጫማሽ ሶሉ ሳስቷል አይደል? አብረን እንሂድ» አለችኝ። ጫማዬ ምንም አልሆነም ነበር። ብቻዋን መመለስ እንዳልፈለገች ገባኝና መቀነቴን ታጥቄ ተከተልኳት።

ወርክሾፑ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የደንበኞች ፎርማዎች በጥንድ በጥንድ ተሰቅለዋል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ወደ ውስጥ የዞረ። የእኔም እዚያ አሉ፤ ከመስኮቱ አጠገብ። ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ሰዓቱ በሩ በላይ ነው፣ ዙሪያው የነሐስ መልክ ያለው። የደንበኞቹ አግዳሚ ላይ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አለቃው ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ የእንጨት እግር በሞረድ ይሞርዳል፤ ወደ ድሮው ለመመለስ መዘጋጀቱ ነው። ቆዳ ሰፊዋ፣ ወፍራም፣ ምላሷ እንደ መርፌዋ የሆነች ሴት፣ ማሽኗ ላይ ናት። ቆዳ ቆራጩ ሽማግሌ ቢላውን ይስላል።

«እህስ፣ ሐኪሟ» አለ አለቃው። «በሽተኛሽ ዳነ ወይስ ለቅሶ እንቀመጥ?»

ምራቴ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ቆመች። «ጋሼ፣ ያ ሰዓት ቀድሟል።»

የስፌት ማሽኑ ቀጥ አለ። ቢላውም ቆመ።

«የቱ ሰዓት?»

«የግድግዳው። የአሮጌው ሰርቨርም።»

«የእኔ ሰዓት ትክክል ነው፤ የዘገየው ከተማው ነው።»

«እኔም እንደሱ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ፕሮግራሙ ግን ከተማውን ነው ያመነው።»

ሰፊዋ ሳቋን በሳል ልትሸፍነው ሞከረች፤ ሳሉ ከሳቁ ባሰ። ምራቴ ግን አልሳቀችም። ዓርብ ከሆነው ጀምራ አንድ በአንድ ነገረችው፤ ቀድማ መጠየቅ እንደነበረባት፣ ቁልፉ ከገባ በኋላ ፕሮግራሙ ለምን እንደተዘጋ፣ «ስርቆት» የተባለውንም። የመጨረሻዋን ቃል ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ። አለቃው ሞረዱን አስቀመጠ።

«ማን ነው ሌባ ያለሽ?»

«እሷ ምን ታድርግ? ከሩቅ ሲያዩት ያስመስላል።»

«እና ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

«ይደውሉና እርስዎ ይንገሯት። ከእኔ ብትሰማው ሰበብ ነው የሚመስላት።»

ዙሪያውን አየ። ሁሉም የየራሱን እጅ ያያል። «ማለት፣ ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«ጋሼ» አለ ቆራጩ ሽማግሌ፣ ቢላውን በአውራ ጣቱ እየሞከረ፣ «እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ነው የምቀንሰው።»

«ሁላችሁም?»

«ድመቷ ሳትቀር» አለች ሰፊዋ። «ምሳ ሰዓት ሲደወል ተኝታ ነው የምታየን።»

አለቃው ሰዓቱን አንጋጦ አየ። እኔ አግዳሚው ላይ የቦርሳዬን ማንገቻ ጨምድጄ ይዣለሁ። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና፣ «እኔም እኮ ቀንሼ ነው የምገባው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ «ደውዪላት» አላት።

የላይሰንስ ክፍሏ ሴትዮ አነሳች። አለቃው ስልኩን እንደ ጽዋ በሁለት እጁ ይዞ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማው፣ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ጀምሮ ነገራት። ሲጨርስ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«ሃሎ? አለሽ?»

«አለሁ» አለች። «አሁን ምን ያህል ቀድሟል?»

«ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።»

የኮምፒውተር ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማ። «ስልክና የግድግዳ ሰዓታችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፎቶ ላኩልኝ።» ቆራጩ ሽማግሌ መሰላሉን ያዘ፤ ምራቴ ወጥታ ስልኳን ከሰዓቱ ጎን ይዛ ቆመች፤ ሰፊዋ ከታች ሆና «ቀና በዪ፣ ለትዳር ነው የሚላከው» እያለች በራሷ ስልክ አነሳቻት። ተላከ። ምራቴ ከመሰላሉ ሳትወርድ እዚያው እንደ ወፍ ቀረች።

«እኛ ጋ ከተመዘገበው ልዩነት ጋር ገጥሟል» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ። «ኃላፊዬንም አሳየሁት። መክፈቻውን ልኬዋለሁ። ልጅቷ አለች?»

«አለሁ» አለች ምራቴ ከላይ።

«ቅዳሜ ያልኩሽን ቃል ቅር እንዳትሰኚብኝ። በቀን ስንቱ እንደሚዋሸኝ ብታውቂ።»

«ገብቶኛል። እኔም ብሆን አላምንም ነበር።»

«ሁለተኛ ሰዓት እንዳትነኩ ብቻ።»

«የግድግዳውንም?» አለ አለቃው፣ ስልኩን ወደ አፉ ጠጋ አድርጎ።

«የግድግዳው ላይሰንስ የለውም» አለች ሴትዮዋ፤ የተተኮሰው ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማደደ፤ ሳቀች።

መክፈቻው ሲገባ ሁሉም ከጀርባዋ ተኮልኩለው ነበር። እኔ ከአግዳሚው አልተነሳሁም፤ መሃል መግባት አይሆንልኝም። ፕሮግራሙ ተከፈተ። አንድ ትንፋሽ ያህል ጠበቁት። አልተዘጋም። ምራቴ ይሠራ እንደሆነ ልትሞክር የአንድ ደንበኛ ቅርጽ ስታወጣ፣ ስክሪኑ ላይ የመጣውን ከጥግ ሆኜም አወቅኩት። የእኔ ግራ ተረከዝ ነው፤ ከውጭ በኩል የተበላው። ዞር ብላ አየችኝ። እኔም እግሬን ከአግዳሚው ሥር ደበቅኩት።

አለቃው ወደ ግድግዳው ፎርማዎች ጠቆመ። «ወር መጨረሻ ምን ያደርግልኛል» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ እንደነዚህ ተሰቅለሻል። መሄጃ የለሽም።»

ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና የፊቷን ላብ በቀጫጭን ጣቶቿ ጠረገች። ከዚያ ተነስታ የማንንም ፊት ሳታይ ቆራጩን ማሽን አበራች፤ ቀጠሮ የነበራቸው ደንበኞች በር ላይ ደርሰው ነበር።

ሰዓቱን ያኔውኑ በሁሉም ፊት አስተካከሉት። ሳምንቱን ግን ሠራተኛው ሁሉ አረፈደ። ለምሳ ሲወጡ ሰዓቱን ያዩታል፣ እንደለመዱት ይቀንሳሉ፣ ተረጋግተው ይመለሳሉ። ከሁሉም የባሰው አለቃው ራሱ ነበር፤ አንድ ቀን ደንበኞች በር ላይ ቆመው ሲጠብቁት ደረሰ ብላ ምራቴ በሳቅ እየተንፈቀፈቀች ነገረችን። ተናዶ መልሶ ሊያስቀድመው መሰላል ላይ ሲወጣ ማዞሪያው እጁ ላይ ተሰበረ። ያኔ ሰዓቱን አወረደና፣ «ሐኪሟ፣ ወደ ሰዓት ጠጋኙ ውሰጅልኝ፤ ሲመለስ አንቺ በምትዪው ላይ ይሁን» አላት። እስከዚያው ሁሉም በየስልኩ እያየ በሰዓቱ ይገባል።

አሮጌው ማሽን ተበታትኖ ብረቱ ለብረት ሰብሳቢ ሄዷል። ዲስኩ እንደተባለው ተበስቶ ተጥሏል። ብሩሹን እኔ በሳሙና አጥቤ አደረቅኩት፤ አሁንም ለፊት አይሆንም፤ ቆዳ ቆዳ ይሸታል።

የወርክሾፑ ሰዓት ግን እኛ ቤት ፍሪጁ አናት ላይ ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ሰዓት ጠጋኙ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ነው፤ በየቀኑ በደጁ ታልፋለች። ጠዋት ጠዋት እኔ አውርጄ ቦርሳዋ አጠገብ አስቀምጥላታለሁ። ግንባሬን ትስመኛለች፣ ቦርሳዋን ታነሳለች፣ ሰዓቱን አይታ ባለበት ትተዋለች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋለች። ማታ ስትመጣ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ ታየውና፣ «ውይ እማዬ፣ ዛሬም ረሳሁት» ትላለች። እኔም መልሼ ፍሪጁ አናት ላይ አስቀምጠዋለሁ።